የሦስት ዓመቱን የሕክምና ትምህርት እንዴት እንመዝን? ለተማሪዎችና ለወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት በተለምዶ አራት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ላይ አንዱን ዓመት ቀንሰው፣ ተማሪውን በሦስት ዓመት አስመርቀው ወደ ቤተሰብ ሕክምና፣ ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ወደ ሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ወደሚሠራው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) የሚያሻግሩ ፕሮግራሞች ግን ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት እየበዙ መጥተዋል። እኔ በሜሪላንድ የምሠራ የቤተሰብ ሐኪም ስሆን፣ የቅበላ ደብዳቤ በሚመጣበት ወቅት የማውቃቸው ልጆችና ወላጆቻቸው «ይኼ የሦስት ዓመቱ ይሻላል ወይስ ይቅርብን?» እያሉ ይደውሉልኛል። በስልክ የምመልሰውን በቅደም ተከተል ለማስፈር ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ የሚቆጠበው ዓመት ዋጋ የሚኖረው ተማሪው ምን ዓይነት ሐኪም መሆን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ለይቶ ሲያውቅ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ቤተሰብ የሚጀምርበትን የገንዘብ ሒሳብ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ፤ ደረጃዎቹንም በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲከተሉ እመክራለሁ።

ደረጃ 1፦ የቀረበልዎት ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ለይተው ይወቁ

በየቤቱ «አክስለሬትድ» (የተፋጠነ) ሲባል የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚገባበት፣ ኮሌጁንና የሕክምና ትምህርቱን በአንድነት የሚያስኬደው ነው፤ በኒው ዮርክ የከተማው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለው የሰባት ዓመት፣ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ያለው ደግሞ የስድስት ዓመት ፕሮግራም ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ የሚያጥረው በዋናነት የኮሌጁ ጊዜ ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሁለተኛውን፣ ማለትም ተማሪው ኮሌጅ ጨርሶ ከገባ በኋላ የሕክምና ትምህርቱ ራሱ ሦስት ዓመት የሚሆንበትን ነው።

ከዚህኛውም ውስጥ የአገባቡ መንገድ ይለያያል። በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ፕሮግራም ተማሪዎቹን የሚመርጠው የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ከጀመሩት መካከል ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ከካይዘር ፐርማነንቴ የጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና (ፕራይመሪ ኬር) ፕሮግራም አለ። የዊስኮንሲን ሜዲካል ኮሌጅ የግሪን ቤይ ካምፓስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈት የሦስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ይዞ ነበር። በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ፣ ሚኒዮላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የኤንዋይዩ (የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ) የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ከመነሻው በሦስት ዓመት እንዲያስመርቅ የተቋቋመ ሲሆን የትምህርት ክፍያም አያስከፍልም። በኦስቲዮፓቲክ ሕክምና (ዲኦ በሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ) በኩል የሌክ ኢሪ ኮሌጅ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ፕሮግራም ቀደም ካሉት አንዱ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ትምህርት ቤቱ የሦስት ዓመት ብቻ ነው ወይስ የአራት ዓመቱም መንገድ ጎን ለጎን አለው? ማመልከቻውስ ከመግባት በፊት ነው ወይስ ከገቡ በኋላ? መልሱ በደረጃ 3 ላይ ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል።

ወላጆች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ ግን ሌላ ነው፦ «ለመሆኑ በሦስት ዓመት ሐኪም ይኮናል ወይ?» ይህ ተገቢ ስጋት ስለሆነ በቂ መልስ ይገባዋል። በአሜሪካ የኤምዲ (የተለመደውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡ) ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው አካል የሚጠይቀው ዝቅተኛ የትምህርት ጊዜ 130 ሳምንት ነው፤ የሦስት ዓመቶቹ የኤምዲ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ማሟላት ግዴታቸው ነው። ተማሪዎቹ የሚፈተኑት ያንኑ ስቴፕ የሚባለውን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ነው፤ ዲፕሎማው አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ሬዚደንሲም አይቀነስም። የሚቀነሰው በአብዛኛው የክረምት ዕረፍትና በአራተኛው ዓመት ለምርጫ ትምህርቶችና ለሬዚደንሲ ቃለ መጠይቅ የሚውለው ጊዜ ነው። በካናዳ የማክማስተርና የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች ለአሥርተ ዓመታት በሦስት ዓመት ሲያስመርቁ ኖረዋል። በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም፤ በ1970ዎቹ በፌዴራል መንግሥት ድጎማ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወደ ሦስት ዓመት ወርደው ነበር። ድጎማው ሲያልቅ አብዛኞቹ ወደ አራት ዓመት ተመለሱ። የተመራቂዎቹ ውጤት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም፤ ተማሪውም መምህሩም ግን በጥድፊያው ተዳክመው ነበር። ይህን ድካም ወደ ታች በደረጃ 5 እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ መደናገር ማጥራት ያስፈልጋል። አገር ቤት «ጠቅላላ ሐኪም» የምንለው ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቆ ስፔሻላይዝ ሳያደርግ የሚሠራውን ሐኪም ነው። ብዙ ወላጆች «ፋሚሊ ዶክተር» ሲባሉ የሚታያቸው ይኸው ነው፤ ልጃቸው መንገድ ላይ የቀረ ይመስላቸዋል። በአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪም ማለት ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ የጨረሰና በዚሁ ሙያ የቦርድ ፈተና የሚፈተን ስፔሻሊስት ነው። በኢትዮጵያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ከአገር የወጣ ወላጅ ስሙን አለማወቁ አያስደንቅም። ልጆች ይህን ለወላጆቻቸው ረጋ ብለው ቢያስረዱ ብዙ ክርክር ከመነሻው ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ሙያውን በዓይንዎ ሳያዩ አይወስኑ

ይህ ከሁሉም ደረጃዎች የሚበልጥ ነው። ከመወሰንዎ በፊት ቢያንስ አሥር ሙሉ ቀን በአንድ የቤተሰብ ሕክምና ወይም የውስጥ ደዌ ክሊኒክ ከሐኪም ጎን ይዋሉ፤ ቢቻል ቀኖቹ ተከታታይ ይሁኑ፤ ከተቻለም አምስቱ ገንዘብ ባለው ሰፈር፣ አምስቱ ኢንሹራንስ የሌላቸው ሰዎች በሚመጡበት የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ይሁኑ። አንድ ከሰዓት ገብቶ መውጣት ምንም አያስተምርም።

ምን መመልከት እንዳለብዎት ለማሳየት አንድ ጧት ልግለጽ። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው፣ ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ስኳራቸው ከወር ወር እየጨመረ ነበር። አብራኝ የነበረችው ተማሪ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፤ ሁለቱ ጠርሙሶች በተለያየ ስም የተጻፈባቸው አንድ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ሆነው ተገኙ። የስኳሩ መድኃኒት ጠርሙስ ግን ጨርሶ አልተነካም፣ እንደ ሞላ ነበር። ምክንያቱን ስትጠይቃቸው ጾም ላይ መሆናቸውንና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ «በባዶ ሆድ አትውሰድ» የተባለውን መድኃኒት መዝለላቸውን ነገሯት። ሃያ ደቂቃ በዚህ አለፈ። አዲስ ምርመራ አልታዘዘም፤ ሰዓቱ ተስተካከለ፤ ከሁለቱ አንዱ ጠርሙስ ተወሰደ፤ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠሮ ተያዘ።

እንዲህ ያለው ጧት ሲያልፍ ራስዎን ይጠይቁ፦ ጠርሙሶቹን መደርደሩ፣ ሰውየውን ማስጨነቅ ሳያስፈልግ እውነቱን ማግኘቱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ለማየት መጓጓቱ ያስደስትዎታል? ወይስ ልብዎ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን፣ የድንገተኛውን ሩጫ፣ የአንዱን አካል ጥልቅ ዕውቀት ይናፍቃል? በየቀኑ ማታ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ዛሬ ሰዓቱን ያስረሳኝ ምን ነበር፣ ያሰለቸኝ ምን ነበር፣ ነገ መመለስ እፈልጋለሁ ወይ? በአሥረኛው ቀን ሲያነቡት መልሱ ብዙውን ጊዜ ራሱን ይገልጣል። መልሱ አሁንም ግልጽ ካልሆነ አራት ዓመቱን እንዲመርጡ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ በሮቴሽን፣ ማለትም በየሕክምና ክፍሉ እየተዘዋወሩ ልብን ማድመጥ ለአብዛኛው ተማሪ የተሠራ መንገድ ነው፤ በዚያ መሄድ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

ደረጃ 3፦ የመመለሻውን በር ይፈትሹ

ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ጥሩ ፕሮግራም ይህን አስቀድሞ ያስብበታል፤ ተማሪው ወደ አራት ዓመቱ ሊመለስ ሲፈልግ ወይም ትምህርቱ ሲከብደው ያለ ቅጣት የሚሸጋገርበት የተጻፈ ደንብ ይኖረዋል። የሚጠይቁት «መመለስ ይቻላል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም፤ እስከ መቼ ድረስ እንደሚቻል፣ ስኮላርሺፕ ከነበረ መመለስ እንዳለበት፣ በትራንስክሪፕቱና በዲኑ ደብዳቤ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እስካሁን ስንት ተማሪ እንደተመለሰ ይጠይቁ። ማንም ተመልሶ አያውቅም የሚል መልስ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም።

አንድ የጊዜ ጉዳይም አለ። የስቴፕ ዋን ፈተና እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በነጥብ መገለጹ ቀርቶ አልፏል ወይም አላለፈም በሚል ብቻ ስለሚገለጽ፣ ሬዚደንሲዎች አሁን በይበልጥ የሚያዩት የስቴፕ ቱን ነጥብ ነው። በተፋጠነው መንገድ ለዚህ ፈተና የሚቀረው የጥናት ጊዜ ጠባብ ነው፤ በሌላ ሆስፒታል ሄዶ ራስን የማሳየት ሮቴሽንም ሆነ ለምርምር የሚሆን ክረምት የለም። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ «የቆዳ ሕክምና ይሻለኛል» የሚል ተማሪ የመመለሻው በር ቢከፈትለት እንኳ ከጓደኞቹ ኋላ ተነሥቶ ነው የሚሮጠው።

ደረጃ 4፦ ሬዚደንሲውን እንደ ትምህርት ቤቱ አድርገው ይመርምሩ

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከመነሻው በተወሰነ ሬዚደንሲ ላይ ሁኔታዊ ቦታ ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የቃለ መጠይቁን ወጪና ጭንቀት ይቀንሳል፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ወደፊት ከሚያሠለጥኑት ሐኪሞች ጋር ይተዋወቃል። ነገር ግን ሁኔታዊ ማለት የተወሰነ ውጤትና ምግባር ይጠበቃል ማለት ስለሆነ መስፈርቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በማች (ተመራቂዎችን ከሬዚደንሲዎች ጋር በሚያገናኘው አገር አቀፍ ምደባ) በኩል ማለፍ የሚጠበቅ ከሆነ ሌሎች ሬዚደንሲዎችንም በዝርዝሩ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከዚህ የተነሣ የሚመርጡት የሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የስድስት ዓመት ከተማ ነው። ከተማውን ይጎብኙ። ሬዚደንቶቹን፣ አሠልጣኞቹ በሌሉበት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩና ተመልሰው ቢመርጡ እዚያው ይገቡ እንደሆነ ይጠይቁ። ከተመራቂዎቻቸው ስንቱ በእርግጥ ክሊኒክ ውስጥ እንደሚሠራ ይጠይቁ። በውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ የሚያልፍ ሰው በኋላ ወደ ልብ ወይም ወደ ኩላሊት ሕክምና የመቀጠል ዕድል ሲኖረው፣ በቤተሰብ ሕክምና የሚያልፍ ደግሞ ከጨቅላ እስከ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡርንም ጭምር የማየት ስፋት ያገኛል፤ ሆኖም ፕሮግራሙ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውል ካስፈረመ የመጀመሪያው ዕድል በውሉ ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃ 5፦ የትምህርቱን ካላንደር ከሕይወትዎ ካላንደር ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ከትምህርት ቤቱ የሦስቱንም ዓመታት ካላንደር ይጠይቁና ያትሙት። የዕረፍት ሳምንታትን በቀለም ያቅልሟቸው፤ ፈተናዎቹንም በሌላ ቀለም። ከዚያም የራስዎን ሕይወት ይጻፉበት። ይህ ደረጃ በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ከሌላው ይልቅ ክብደት እንዳለው በልምድ አይቻለሁ። ለወላጆቹ በሆስፒታልና በኢሚግሬሽን ቢሮ የሚያስተረጉመው ይኸው ልጅ ነው። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው፣ ክረምት ሠርቶ ለአያቱ ብር የሚልከው እሱ ነው። አገር ቤት ለቅሶ ቢደርስ ከአንድ ሳምንት የሚያንስ ጉዞ የለም፤ በአራት ዓመቱ ፕሮግራም አንድ ሮቴሽን ወደ አራተኛው ዓመት ተገፍቶ የሚተካ ሲሆን፣ በሦስት ዓመቱ ግን የሚገፋበት ቦታ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጠው በግልጽ ይነጋገሩ፦ በእነዚህ ሦስት ዓመታት የማስተርጎሙን፣ የመላኩን፣ የመንዳቱን ሥራ ማን ይረከባል? የሚረከብ ሰው በስም ካልተጠራ ሸክሙ ተመልሶ ተማሪው ላይ እንደሚወድቅ ይቁጠሩት። ትምህርት ቤቱንም በሕመም፣ በወሊድ ወይም በሐዘን ምክንያት ስድስት ሳምንት የተለየ ተማሪ ምን እንደሚደረግለት ይጠይቁ። መልሱ «እንደ ሁኔታው እናያለን» ከሆነ ከዚህ ቀደም የሆነ ምሳሌ እንዲነግሩዎት በትሕትና ይጠይቁ። ስለ በዓላትና ስለ ጾም ወቅትም አያፍሩ፤ የትንሣኤ ወይም የኢድ ዕለት ከዋና ፈተና ጋር ሲገጥም የሚፈታበት አሠራር ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ የሚያስፈልገው አስቀድሞ ማሳወቅ ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ገንዘቡን ያስሉ

አንድ ወረቀት በሁለት ዐምድ ይከፈል። በግራ የሦስት ዓመቱ፣ በቀኝ የአራት ዓመቱ ይጻፍ። የመጀመሪያው ጥያቄ የትምህርት ክፍያው የስንት ዓመት እንደሆነ ነው፤ ክረምት የሚማር ተማሪ ለክረምቱም ሊከፍል ስለሚችል «ሦስት አራተኛ ይሆናል» ብሎ መገመት ያሳስታል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ 60,000 ዶላር፣ የኑሮ ወጪ 25,000 ዶላር ይሁን። ድምሩ 85,000 ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ስለሚቀር፣ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር አይበልጥም። በምሳሌያችን የቀረው 35,000 ከግል አበዳሪ መምጣት አለበት ማለት ነው። የግል አበዳሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የክሬዲት ታሪኩ የጠነከረ ዋስ ይጠይቃል፤ ብዙ ስደተኛ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራሉን ወለድ 8 በመቶ፣ የግሉን 10 በመቶ ብንል፣ የአራተኛው ዓመት ብድር ሳይከፈል እስከ ሬዚደንሲው ማብቂያ አራት ዓመት ሲቆይ ወደ 30,000 ዶላር ወለድ ይወልዳል፤ ስለዚህ ያ አንድ ዓመት ብቻውን ወደ 115,000 ዶላር ይጠጋል። በዚህ ላይ ሙሉ የሐኪም ደመወዝ አንድ ዓመት ቀድሞ መጀመሩ ይታከላል። የራስዎን ቁጥር አስገብተው እንደገና ያስሉት።

ትርፉ እውነተኛ ነው፤ ለአንዳንድ ቤተሰብ ትምህርቱን የሚቻል ወይም የማይቻል የሚያደርገውም እሱ ነው። ሆኖም ደረጃ 2 ላይ «አይ፣ ይህ ሥራ የእኔ አይደለም» የሚል መልስ ያገኘ ሰው ለዚህ ገንዘብ ብሎ እንዳይገባ አጥብቄ እለምናለሁ፤ የማይወዱትን ሥራ ሠላሳ ዓመት መሥራት በዚህ ሒሳብ አይካካስም፤ ታካሚውም ይጎዳል።

ደረጃ 7፦ የአገልግሎት ግዴታን ቃል በቃል ያንብቡ

ስኮላርሺፕና የዕዳ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት ጋር ይመጣሉ። በፌዴራል ደረጃ የናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ስኮላርሺፕ ለእያንዳንዱ የድጎማ ዓመት አንድ ዓመት፣ ቢያንስ ግን ሁለት ዓመት፣ ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ማገልገልን ይጠይቃል። ውሉን ያፈረሰ ሰው የተከፈለለትን ሦስት እጥፍ ከነወለዱ እንዲመልስ ይገደዳል። ለዚህ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ስለዚህ ዜግነት ለማመልከት የደረሰ ተማሪ ጉዳዩን ሳያዘገይ ይጨርስ። ይኸው ድርጅት ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የዕዳ ክፍያም አለ፤ በሦስት ዓመት ፕሮግራም ላለ ሰው የመጨረሻው ዓመት ሦስተኛው መሆኑን ረስተው ቀኑ ያለፈባቸው እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ። የሕዝብ አገልግሎት የብድር ስረዛ ደግሞ 120 ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል የሚሠራ ሬዚደንት የሚከፍለው ስለሚቆጠር፣ ሬዚደንሲውን በአንድ ዓመት መቅደም ቆጠራውንም ያስቀድማል።

ደረጃ 8፦ መልሱን በጽሑፍ ይዘው ይወስኑ

በአምካስ (የኤምዲ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ) በኩል አመልክተው ቅበላ ያገኙ ተማሪዎች በተለምዶ እስከ ኤፕሪል 15 ከሦስት ያልበለጡ ቅበላዎችን፣ እስከ ኤፕሪል 30 ደግሞ አንድ ብቻ ይዘው እንዲቀሩ ይጠበቃል። የቴክሳስና የኦስቲዮፓቲክ ማመልከቻዎች የየራሳቸው ቀን አላቸው። ከቀኑ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ለፕሮግራሙ ኃላፊ ኢሜይል ይጻፉ። በኢሜይሉ ውስጥ አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ የመመለሻው ደንብ፣ የሬዚደንሲው ሁኔታዊ ቦታ መስፈርት፣ የጠቅላላ ክፍያው መጠን፣ የረጅም ፈቃድ አሠራር፣ እንዲሁም ሊያነጋግሩዋቸው የሚችሉ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ የቀጠለ፣ አንዱ ወደ አራት ዓመቱ የተመለሰ። መልሱ በስልክ ከተሰጠዎት የሰሙትን በዚያው ቀን ጽፈው «በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ያረጋግጡልኝ» በማለት መልሰው ይላኩላቸው፤ የሚመጣውንም መልስ ከቅበላ ደብዳቤው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ።